ከእንቁላሏ ጋር የተያዘ ቀጠሮ፦ ዶሮ፣ ግመልና ላም በምዕራብ ሐረርጌ

ብዙ ሰው ዛሬም አሰበ ተፈሪ የሚላት ጭሮ፣ የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 326 ኪሎ ሜትር ርቃ በጨርጨር ተራሮች ላይ ተቀምጣለች። ወደ ሚኤሶ የሚወርደው መንገድ ብዙም ሳይርቅ ከወይና ደጋው አውጥቶ ከግመል አገር ያገባል። ወደ ሂርና የሚቀጥለው ደግሞ በማሽላ፣ በበቆሎና በጫት ማሳ መካከል፣ በየደጁ ታስረው የሚቀለቡ ከብቶችን እያሳየ ይሄዳል። ዶሮ በሁለቱም መንገድ አለች። በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ ሦስት እንስሳት ሦስት የተለያየ የመራባት ሥርዓት ይዘው ይኖራሉ። ስለ እርባታ ሲወራ ወሬው ብዙውን ጊዜ ስለ ዘር ጥራት ነው፤ የትኛው ኮርማ፣ የትኛው የውጭ ዝርያ፣ በቀን ስንት ሊትር ወተት። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። ወንዴ ዘርም እንቁላልም ለየብቻቸው ዕድሜያቸው አጭር ነውና፣ የመራባት ትልቁ ፈተና ሁለቱ በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ መገኘታቸው ነው፤ ጥራት የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ዶሮ፣ ግመልና ላም ይህን ፈተና በየራሳቸው መንገድ ተወጥተውታል። ሰው በማዳቀል ሥራው ጣልቃ ሲገባ ሳያውቀው የሚያፈርሰውም ብዙ ጊዜ ያንኑ መፍትሔ ነው።

ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ሁለቱ ወገኖች እንዴት እንደሚዘጋጁ ማየት ያስፈልጋል፤ ዝግጅቱም የራሱ ሰዓት አለውና። የእንስሳ አካል የተሠራባቸው ህዋሳት የውርስ መመሪያውን የሚሸከሙትን ክሮሞዞሞች በጥንድ በጥንድ ይይዛሉ። የላም 60፣ የግመል 74፣ የዶሮ 78 ናቸው። ለዘር የሚታጨው ህዋስ ግን ይህን ቁጥር ወደ ግማሽ ማውረድ አለበት፤ አለዚያ በየትውልዱ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ስለዚህ ክሮሞዞሞቹ አንድ ጊዜ ይባዙና ህዋሱ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ይከፈላል። ከመጀመሪያው ክፍፍል በፊት፣ ከአባት የመጣው ክሮሞዞም ከእናት የመጣውን አቻውን ፈልጎ ጎን ለጎን ይቆማል፤ ቁራጭም ይለዋወጣሉ። ከአንድ ኮርማና ከአንዲት ላም በየዓመቱ የሚወለዱ ጥጆች የማይመሳሰሉት በዚህ ልውውጥና ከዚያ በሚከተለው አከፋፈል ምክንያት ነው። አቻ ፍለጋው ሲሰናከል የሚሆነውን ለማየት ደግሞ በቅሎን መመልከት ይበቃል። ፈረስ 64፣ አህያ 62፣ ልጃቸው 63 ክሮሞዞም አላቸው። 63 ለሁለት እኩል አይከፈልም፤ የፈረሱና የአህያው ክሮሞዞሞችም በቅጡ አይጣመሩም። ተረቱ ስለ አባቷ ስትጠየቅ አጎቷን እንድትጠራ ያደረጋት በቅሎ፣ ጉልበት ሳያንሳት የማትወልደው ዘር የሚሠራበት ክፍፍል እዚሁ ላይ ስለሚቋረጥባት ነው።

ወንዱና ሴቷ ቁጥሩን በመግመስ ይስማማሉ፤ የሚለያዩት በጊዜው ነው። ኮርማ ለስሪያ ከደረሰ ጀምሮ ዘር ማምረቱን አያቋርጥም፤ በቀን የሚያመርተው በቢሊዮን ይቆጠራል። አንዱ ዘር ከመነሻው ህዋስ ተነስቶ በቆለጥ ውስጥ ቅርጹን እስኪይዝ 61 ቀን ያህል ይፈጃል። ከዚያም ከቆለጡ ጋር ተያይዞ በተጠቀለለው ረጅም ቱቦ ውስጥ እያለፈ የመዋኘት አቅም እስኪያገኝ ሌላ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ቆለጥ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለውም ይህ ሥራ ከሰውነት ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ያለ ሙቀት ስለሚፈልግ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ከብት ያለው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው፦ ዛሬ ትኩሳት የያዘው ኮርማ ጉዳቱ የሚታየው ዛሬ ብቻ አይደለም፤ በሽታው ከተረሳ ከአንድ ወር ተኩልና ከሁለት ወር በኋላ የሚወጣው ዘርም ደካማ ሊሆን ይችላል። የላሟ ሒሳብ ደግሞ በዓመታት ነው። እንቁላሎቿ በሙሉ የተጀመሩት እሷ ራሷ በእናቷ ማህፀን ውስጥ ሳለች ነው። ክሮሞዞሞቹ ተጣምረው ቁራጭ ከተለዋወጡ በኋላ ሥራው ባለበት ይቆማል፤ ጊደሯ አድጋ ተራው እስኪደርስም አይቀጥልም። እንግዲህ ዘንድሮ ገለምሶ ላይ የምትወለድ ጥጃ የተገኘችበት እንቁላል የተጀመረው አያቷ ከብዳ በነበረችበት ዓመት ነው። በክፍፍሉም ሴቷ ቆጣቢ ናት። በወንዱ በኩል ከአንድ መነሻ አራት ዘር ሲወጣ፣ በእሷ በኩል የሚወጣው አንድ ትልቅ እንቁላል ብቻ ነው፤ ትርፎቹ ክሮሞዞሞች በጥቃቅን ከረጢት ተጠቅልለው ይጣላሉ፤ ስንቁ ሁሉ ለአንዷ ይሆናል። ወንዱ ብዛት አለው፣ ሴቷ ስንቅ አላት፤ ሰዓቱንም የምትቆርጠው ስንቅ የያዘችው ናት።

ከሦስቱ ቀጠሮውን ያላላችው ዶሮ ናት። ከአውራ ዶሮው ያገኘችው ዘር ከብልቷ ጫፍ ከፍ ብሎ ባሉ ጥቃቅን ኪሶች ውስጥ ይከማችና፣ ሁለት ሳምንትና አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሕያው ሆኖ ይቆያል። አውራ ዶሮው ለበዓል ቢታረድ እንኳ፣ ከበዓሉ በኋላ ለብዙ ቀናት የምትጥለው እንቁላል ጫጩት ሊወጣው ይችላል። ይህ ጎተራ የተፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዶሮ እንቁላል ማለት በእውነቱ አስኳሉ ነው። አስኳሉ ከእንቁላል ዕጢዋ ወጥቶ በቱቦው አፍ ላይ ሲወድቅ ከዘሩ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ነጩ ይሸፍነዋል፤ በሩም ይዘጋል። ነጩን ለመልበስ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ቅርፊቱን ለመልበስ ሃያ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ጠቅላላው ጉዞ ከአንድ ቀን ጥቂት ይበልጣል። አውራ ዶሮ በየቀኑ በዚያች ሩብ ሰዓት ይገኛል ብሎ መተማመን ስለማይቻል፣ ዘሩ አስቀድሞ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል።  

የዶሮዋ ጥበብ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ጭሮ ገበያ የሚሸጠው እንቁላል፣ አውራ ዶሮ ካላት ቤት ከመጣ፣ በሰው እጅ ሲገባ የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው ጽንስ ይዟል። ቅርፊቱ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ህዋሱ ሲከፋፈል ቆይቶ፣ እንቁላሉ ሲጣል አስኳሉ ላይ በምትታየው ትንሽ ነጭ ክብ ውስጥ ከ40 ሺህ እስከ 60 ሺህ የሚደርሱ ህዋሳት አሉ። ከዚያ ሥራው ይቆማል። የሚያቆመው ቅዝቃዜ ነው፤ ከ20 ወይም 21 ዲግሪ በታች ጽንሱ ሳይሞት ይተኛል። ቄቧ አሥር ወይም አሥራ ሁለት እንቁላል ለመሙላት ሁለት ሳምንት ቢፈጅባትም፣ ስትታቀፋቸው ሁሉም በአንድ ቀን ይነሳሉ፤ በ21ኛው ቀንም አንድ ላይ ይፈለፈላሉ። ሙቀቱ 37 ዲግሪ ተኩል ገደማ በሆነ በመጀመሪያው ቀን፣ በነጯ ክብ መካከል ቀጭን መስመር ይታያል፤ ህዋሳት በዚያ መስመር በኩል ወደ ውስጥ እየገቡ ሦስት ንብርብር ይሠራሉ። ከላይኛው ቆዳና ነርቭ፣ ከመካከለኛው አጥንት፣ ጡንቻ፣ ልብና ደም፣ ከታችኛው አንጀትና ሳንባ ይወጣሉ። በሁለተኛው ቀን ልቧ ትመታለች። አሪስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን እንቁላል በየተራ እየሰበረ ይህችኑ የምትመታ ቀይ ነጥብ ተመልክቷል። የላምና የሰው ጽንስም በሦስት ንብርብር ይሠራል፤ ልዩነቱ እነሱን ሳይሰብሩ ማየት አለመቻሉ ነው። አሁን ይህን ወደ ቆላው እንውሰደው። ወይና ደጋው ላይ የተሰበሰበ እንቁላል ለጥቂት ቀናት በሰላም ይተኛል። የሚኤሶ የቀን ሙቀት ግን ለመቆም የሞቀ፣ በቅጡ ለማደግ ያልበቃ ሊሆን ይችላል። ጽንሱ ግማሽ ልብ ሆኖ ይነሳል፣ ይዛባል፣ ይሞታል። በኋላ ዶሯ ስትታቀፈው እንቁላሉ ውሃ ይሆናል። ባለቤቷም አውራ ዶሮው ሰነፍ ነው ትላለች። አውራ ዶሮው ሥራውን ሠርቷል፤ የተዛባው ሰዓቱ ነው።

በግመሏ ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። እዚህ የምትጠብቀው እንቁላሏ ናት። በእንቁላል ዕጢዋ ላይ ውሃ የቋጠረች ትንሽ ከረጢት ታድጋለች፣ ትበስላለች፤ ወንድ ካልመጣ ሳትፈነዳ ትከስምና ሌላ ትተካታለች። እንቁላሏን የሚያስወጣት ስሪያው ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ በወንዱ የዘር ፈሳሽ ውስጥ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የቻይና ተመራማሪዎች ዘሩ የተለየበትን ፈሳሽ ብቻ ለባለ ሁለት ሻኛ ሴት ግመሎች ሰጥተው እንቁላል መውጣቱን አሳዩ። ፕሮቲኑ የነርቭ ህዋሳትን ከሚያሳድገው ጋር አንድ መሆኑ የታወቀው ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ከስሪያው በኋላ እንቁላሏ ለመውጣት አንድ ቀን ተኩል ገደማ ይፈጅባታል፤ እስከዚያ ዘሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ዝናብ በሚቆራረጥበት፣ ወንዱም በወቅቱ ብቻ ለስሪያ በሚነሳበት አገር ይህ ብልህ አሠራር ነው። ሴቷ እንደ ላም በየ21 ቀኑ እንቁላል እያወጣች ማንም በሌለበት ብትጥል ኖሮ ብዙ ወቅት ባክኖ ይቀር ነበር። የላሟን ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴ ቀጥታ ወደ ግመል ለማዞር የሚሞክር ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። የግመል ዘር ፈሳሽ እንደ ሙጫ የሚሳብ ስለሆነ ለማቅጠንም ለማቀዝቀዝም ያስቸግራል። ተሳክቶ ሲቀጥን ደግሞ እንቁላሏን የሚጠራው ፕሮቲን አብሮ ይሳሳል። ስለዚህ ሌላ ሆርሞን በመርፌ ካልተሰጣት፣ ምንም ያህል ምርጥ ዘር ቢቀርብላት እንቁላሏ አትወጣም። ከእርግዝናው በኩልም ሩጫ አለ። እርግዝናውን የሚጠብቀው ዕጢ በግመል ውስጥ አሥር ቀን ገደማ ብቻ ስለሚቆይ፣ ጽንሱ ከዚያ በፊት መኖሩን ማሳወቅ አለበት። ሁለቱም የእንቁላል ዕጢዎች እኩል ቢሠሩም ከሞላ ጎደል ሁሉም ጽንስ የሚያርፈው በግራው የማህፀን ቀንድ ነው፤ ከ13 ወር ገደማ በኋላም ይወለዳል።

ላሟ ጎተራም የላት፣ ጥበቃም አታውቅም። በየ21 ቀኑ ገደማ ትደራለች። ድራቱ ካበቃ ከአሥርና ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ እንቁላሏ ትወጣለች፤ ከወጣች በኋላም ጤናማ ሆና የምትቆየው ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ ነው። በማህፀን የገባው ዘር ደግሞ አንድ ቀን ወይም ጥቂት ይበልጥ ቢኖርም፣ ገና እንደገባ እንቁላል ማስፀነስ አይችልም። በእንቁላል ቱቦው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ስድስት ሰዓት ገደማ መቆየት፣ የላዩ ሽፋን መለወጥ አለበት። ይህን ነገር ቻንግ በአሜሪካ፣ ኦስቲን በአውስትራሊያ፣ አንዳቸው ስለ ሌላው ሳያውቁ በ1951 እ.ኤ.አ. ደርሰውበታል። ከገባው በሚሊዮን የሚቆጠር ዘር መካከል ወደ ቱቦው የሚደርሰው በሺዎች፣ እንቁላሏ አጠገብ የሚገኘው ደግሞ እጅግ ጥቂቱ ነው። ከእነሱ አንዱ የእንቁላሏን ወፍራም ሽፋን በራሱ ኢንዛይም አቅልጦ ሲገባ፣ በእንቁላሏ ውስጥ የካልሲየም ማዕበል ያልፋል። ከቆዳዋ ሥር የተደረደሩ ቅንጣቶች ይፈነዱና ሽፋኑ ለሌላው ሁሉ ይጠነክራል። ሁለት ዘር ቢገባ ጽንሱ ክሮሞዞም በዝቶበት ይሞታልና በሩ ወዲያው መዘጋቱ ግድ ነው። ለዓመታት ቆሞ የነበረው የእንቁላሏ ክፍፍልም የሚጠናቀቀው በዚህች ቅጽበት ነው። 30 ከ30 ጋር ተገናኝቶ 60 ይሆናል፣ አዲስ ከብት ይጀመራል።

በተፈጥሮው መንገድ ይህን ሰዓት የሚያውቀው ኮርማው ነው። ድራቱን ያሸታል፣ ላሟን ይከተላል፣ ቆማ ስትቀበለው ይሰርራታል፤ ደጋግሞም ስለሚሰርር ቢሳሳት እንኳ ይካካሳል። ሰው ሠራሽ ማዳቀል ዘሩን ከኮርማው ሲለይ ሰዓት አዋቂውንም አብሮ አስቀርቷል። በአካባቢያችን ዘዴው በ1938 እ.ኤ.አ. አሥመራ ላይ ተጀምሮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተቋረጠ። በ1952 እንደገና ተነስቶ፣ የውጭ ዘርና የፈሳሽ ናይትሮጅን ወጪ ከብዶ ቆመ። በ1967 በስዊድን ድጋፍ ወደ አርሲ፣ ጭላሎ አውራጃ ገባ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ቃሊቲ ላይ ብሔራዊ ማዕከል ከተቋቋመ ወዲህ ግን የኮርማ ዘር በአገር ውስጥ እየተሰበሰበ፣ በቀጭን ቱቦ ተሞልቶ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ሆኖ ወደየወረዳው ይላካል። በዚያ ቅዝቃዜ ዘር ለዓመታት ይቆያል። የወንዱን ሰዓት ማስቆም ተችሏል ማለት ነው፤ የላሟን ግን አልተቻለም። ጠዋት ስትደራ የታየች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል የሚለው የባለሙያዎች ደንብ የመጣውም ከላይ ካየነው የሰዓታት ሒሳብ ነው። ደንቡ የሚሠራው ግን ያየ ሰው ካለ ነው። የአገራችን ላሞች እንደ አብዛኞቹ ባለሻኛ ከብቶች ድራታቸው አሥር ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይጀምራል። በምዕራብ ሐረርጌ ወይና ደጋ ደግሞ መሬቱ ጠባብ ስለሆነ ከብቱ ታስሮ ይቀለባል፦ ከማሳው የሚነቀል የማሽላ ቡቃያ፣ የበቆሎ ቅጠል፣ አንዳንዴ የጫት ገራባ። ሰንጋን ለማድለብ ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም፤ የሐረር ሰንጋ ስሙን ያገኘው በዚህ ነው። ለብቻዋ ታስራ የምትውል ላም ግን ዋናውን የድራት ምልክት፣ ሌላ ከብት ሲጋልባት ቆማ መቀበልን፣ የምታሳይበት ዕድል የላትም። የሚቀረው ማግሳቷ፣ መቅበጥበጧ፣ ወተት መቀነሷና ከብልቷ የሚወርደው እንደ መስታወት የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ይህን የሚያየው የሚያልባት ሰው ነው፤ በብዙ ቤት ደግሞ የምታልበው ሴቷ ናት። እንግዲህ የማዳቀል ሥራው የመጀመሪያ ባለሙያ ማን እንደሆነች አያጠያይቅም። ምክሩና ሥልጠናው ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለአባወራው ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ከባድ ነው። ችግሩ የሰዓት ሳይሆን የዘሩና የአዳቃዩ ነው ይባላል፤ ናይትሮጅን አልቆ ዘሩ ሙቀት ነክቶታል፣ ዘሩ ሲቀልጥ አያያዙ ተበላሽቷል፣ ባለሙያው ከተገቢው ቦታ አላደረሰውም። እነዚህ ሁሉ ይደርሳሉ። ሙቀት የነካው ዘር በኋላ ተመልሶ ቢቀዘቅዝም አይድንም። ነገር ግን ምንም ጉድለት የሌለበት ዘር፣ በተካነ እጅ፣ እንቁላሏ ካረጀች በኋላ ቢገባ ውጤቱ ያው ነው። በተቃራኒው መካከለኛ ዘር በሰዓቱ ቢደርስ ለማስፀነስ የሚያስፈልገው አንድ ብቻ ነው። የአገር ውስጥ ጥናቶች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታም ወደዚሁ ይመራል፦ አገልግሎቱ ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓልም ቀን ይቋረጣል። ከሰባት ቀን ሁለቱ ከተዘጉ፣ ማንም ምንም ሳይሳሳት፣ ከሚደሩት ላሞች ከሩብ በላይ የሚሆኑት ሰዓታቸው ያመልጣቸዋል። ይህ ስሌት የማንንም ብቃት አይነካም፤ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሰዓቱን በመድኃኒት ማስገደድ ይቻላል የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይቻላል። በእኛ አቆጣጠር ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወዲህ በአገሪቱ በብዙ ቦታ ላሞች በአንድ ቀን ተሰብስበው ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ሆርሞን ሲወጉ ቆይተዋል። መርፌው ካለፈው ድራት በኋላ በእንቁላል ዕጢዋ ላይ የተፈጠረውን፣ አዲስ ድራት የሚከለክለውን ዕጢ ያፈርሰዋል። ከሁለት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ላሟ ትደራለች፤ ባለሙያው በቀን አንዲት ላም ፍለጋ ዳገት ከመውጣት ብዙዎቹን በአንድ ቦታ ያገኛል። መድኃኒቱ ግን የሚያፈርሰው ዕጢ ሲኖር ብቻ ነው የሚሠራው። ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የደራች ላም ዕጢው ገና ስላልጠና አትመልስም። በድርቅ የከሳች፣ ጨርሶ ድራት ያቆመች ላም ደግሞ ዕጢውም የላትም። የከበደች ላም በስህተት ብትወጋ ትጨነግፋለች። በዚያ ላይ የሁለትና የአምስት ቀን ልዩነት ለግማሽ ቀን እንቁላል ብዙ ነው። ከመርፌው በኋላም የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ምልከታን ሲያግዝ ጥሩ ነው፤ ሊተካው ሲሞክር ግን ይሳሳታል። ታዲያ ኮርማ ማቆየት አይሻልም ወይ የሚልም አለ። ለአንዳንዱ መንደር ይሻላል፤ በተለይ ባለሙያ በማይደርስበት ቆላ። ችግሩ፣ ሰንጋ ዋጋ በሚያወጣበት አገር በደንብ ያደገው ወይፈን ተቀጥቅጦ ለገበያ መድለቡ ነው፤ ለዘር የሚቀረው ገዢ ያላየው ነው። በዚያ ላይ አንድ ኮርማ ለብዙ ቤት ሲያገለግል በስሪያ የሚተላለፉ በሽታዎችን ከላም ወደ ላም ያዛምታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሳይንሱ የሚመጣ ስለሆነ ይበልጥ ያከራክራል። በሌላው ዓለም በጤናማ ላሞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በደህና ዘር ከተዳቀሉት መካከል ከአሥሩ በዘጠኙ ገደማ እንቁላሏ ትጸንሳለች፤ የሚወልዱት ግን ከአሥሩ አምስት ወይም ስድስት ናቸው። እንግዲያው የሚጠፋው ከቀጠሮው በኋላ ከሆነ፣ ሰዓትን መውቀስ ለምን? መልሱ ጽንሱ ከዚያ በኋላ በሚያልፍበት መንገድ ውስጥ ነው። እንቁላሏ ከጸነሰች በኋላ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ትከፈላለች። ስምንትና አሥራ ስድስት ህዋስ እስክትሆን ድረስ የምትኖረው በራሷ ትእዛዝ አይደለም፤ እናቷ በእንቁላሉ ውስጥ ባስቀመጠችው ስንቅና መመሪያ ነው። የአባትየው ውርስ በሙሉ አቅሙ መሥራት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ወደ ማህፀን ትወርዳለች። በሰባተኛው ቀን ውሃ የቋጠረች ኳስ ትሆንና በዙሪያዋ ያለው ጽንሱን የሚመግብ ሽፋን፣ በውስጧ ያለው ጭብጥ ራሱ ጥጃው ሊሆን ይለያያሉ። ከዘጠነኛው ቀን ወዲህ የቀድሞውን ሽፋን ሰብራ ትወጣለች። ከዚያ በሚያስገርም ፍጥነት እንደ ክር እየረዘመች፣ በ16ኛው ቀን ገደማ ኢንተርፌሮን ታው የተባለ ፕሮቲን ለማህፀኑ ትልካለች። ይህ መልእክት በጊዜው ካልደረሰ ማህፀኑ ማንም የለም ብሎ ፕሮስታግላንዲን ያመነጫል፤ እርግዝናውን የሚጠብቀው ዕጢ ይፈርሳል፣ ላሟም በ21ኛው ቀን እንደገና ትደራለች። በመርፌ የሚሰጠው ሆርሞን ያስመሰለው ይህንኑ የማህፀኑን ድርጊት ነው። እንግዲህ ዘግይታ የጸነሰች፣ ያረጀች እንቁላል ስንቋ ተበላሽቶ ነው የምትጀምረው። ትከፈላለች፣ ግን ትዘገያለች፤ ቀጭን ሆና ትቀራለች፤ መልእክቷን በሰዓቱ አታደርስም። ዘግይቶ ማዳቀል የሚጸንሱትን እንቁላሎች ቁጥር ይጨምርና የጽንሱን ጥራት ይቀንሳል፤ በጣም ቀድሞ ማዳቀል ደግሞ ዘሩን ያደክማል። የግማሽ ቀኑ ደንብ በሁለቱ መካከል የተገኘ ስምምነት ነው። ከቀጠሮው በኋላ የጠፋው ሁሉ በሰዓት ምክንያት ነው ማለት ግን አይደለም፤ ሙቀት፣ ረሃብና የማህፀን በሽታ የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደግሞ ርካሽ መሣሪያ አለ፤ ላሟ የደራችበትንና የተዳቀለችበትን ቀንና ሰዓት መጻፍ። ተዳቅላ ከ18 እስከ 24 ባለው ቀን ውስጥ ተመልሳ የደራች ላም ወይ አልጸነሰችም፣ ወይ ጽንሷ መልእክቱን ሳይልክ ሞቷል፤ እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚመረመረው ሰዓቱና ዘሩ ነው። ከዚያ ዘግይታ፣ በ30ኛውና በ35ኛው ቀን የምትመለሰው ግን ብዙ ጊዜ ጽንሱ መልእክቱን ከላከ በኋላ የጠፋባት ናት፤ ለእሷ አዳቃይ ደጋግሞ ከመጥራት በፊት መኖዋንና ማህፀኗን ማስመርመር ይቀድማል። በመካከሉ የነበረው አንድ ድራት ሳይታይ አልፎ የተመለሰችው ደግሞ በ42ኛው ቀን ገደማ ትደራለች፤ የእሷ ጥያቄ በመጀመሪያ ያላያት ማን ነበር የሚለው ነው።